የትንሽ ባቡር ኩባንያ ሒሳብ እንዴት ይነበባል? ከ1868ቱ የእንግሊዝ ሕግ እስከ ድሬዳዋ

የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ያተርፋል ወይስ ይከስራል ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ ከጭነትና ከመንገደኛ የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዞ መብራቱን፣ ደመወዙንና ጥገናውን ይቀንስና የተረፈውን ያሳያል። ሌላው ደግሞ ለግንባታው የተበደርነውስ ብሎ ይጠይቃል። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የባቡሩ የብድር መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙን ሲያስታውቁ መስመሩ መደበኛ የንግድ ሥራ ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሁለቱም ተከራካሪዎች ስለ አንድ ባቡር ያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚያነቡት ሁለት የተለያየ መዝገብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ሁለት መዝገቦች በሕግ ለይታ ያስቀመጠችው እንግሊዝ ናት። አሠራሩን ለመረዳት ደግሞ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ይልቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በገጠር የነበሩት ትንንሾቹ ይሻላሉ። ከአንዲት የወደብ ወይም የገበያ ከተማ ተነስተው አሥር ማይል ሳይሞሉ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኙ ባቡሮች ነበሩ። በትልቅ ኩባንያ ሚሊዮኖች ውስጥ የሚሰወረው ነገር በእነሱ ሒሳብ ላይ በሽልንግና በፔኒ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ሕጉ የመጣው ከኪሳራ በኋላ ነው። «የባቡር ንጉሥ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ጆርጅ ሃድሰን በ1849 የወደቀው ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ እያለ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ከካፒታሉ እየተቆረሰ መሆኑ ሲጋለጥ ነበር። በግንቦት 1866 ደግሞ ኦቨረንድ ገርኒ የተባለው የለንደን የገንዘብ ድርጅት በሩን ዘጋ፤ ፔቶና ቤትስ የተባሉት ተቋራጮች ተከትለው ወደቁ፤ የለንደን፣ ቻተምና ዶቨር ባቡርም ዕዳውን መክፈል አቃተው። ሲመረመር ችግሩ ያው ነበር። ፓርላማው አንድ ኩባንያ ከአክሲዮን ካፒታሉ ሲሶውን ያህል ብቻ እንዲበደር፣ እሱንም አክሲዮኑ ሁሉ ተፈርሞ ግማሹ ገንዘብ ከገባ በኋላ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ግን ለተቋራጩ «ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በፈጠረው ጠበቃ ስም የሎይድ ቦንድ ይባል ነበር። ብድር አይደለም፣ «ለተሠራ ሥራ የዕዳ ማረጋገጫ ነው» ይባላል። ተቋራጩም ከዋጋው በታች ለገበያ ይሸጠዋል። የብድሩ ጣሪያ በወረቀት እንዳለ ነው፤ ዕዳው ግን ጣሪያውን በርቅሶ ወጥቷል።

ስለዚህ በ1868 የወጣው የባቡር ሕግ ትልቁንም ትንሹንም ኩባንያ በየስድስት ወሩ ሒሳቡን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲያቀርብ አስገደደ። ቅጹ 15 ሠንጠረዦች አሉት። ከ1 እስከ 3 ያሉት ምን ያህል ካፒታል እንደተፈቀደና እንደተሰበሰበ ይናገራሉ። 4 እና 5 የካፒታሉ ወጪ ናቸው። 6 የሎኮሞቲቭ፣ የመንገደኛና የዕቃ ፉርጎ ቆጠራ ነው። 7 እና 8 ወደፊት የሚወጣውንና እሱን የሚሸፍነውን ያሳያሉ። 9፣ 10 እና 11 የሥራ ገቢ፣ ከወለድ በኋላ የሚቀረውና የትርፍ ድርሻው ናቸው። 12 የወጪው ዝርዝር ነው፤ በ«ሀ» የሐዲድ ጥገና፣ በ«ለ» የሎኮሞቲቭ፣ በ«ሐ» የፉርጎ ጥገና፣ በ«መ» የጣቢያና የጉዞ፣ በ«ሠ» የአስተዳደር ወጪ እያለ ይሄዳል (ፊደሎቹ በእኛ ተተኩ)። 13 የሀብትና የዕዳ ሚዛን፣ 14 የመስመሩ ርዝመት፣ 15 ባቡሮቹ የሄዱት ማይል ነው። ቅጹ እስከ 1912 ሳይለወጥ ቆየ፤ በ1911 የወጣው ሕግ ሒሳቡን በዓመት አንዴ አደረገው።

የዚህ ቅጽ እምብርት ካፒታሉን ከዕለት ሥራው መለየቱ ነው። ለመሬት፣ ለድልድይ፣ ለሐዲድና ለመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች የወጣው ገንዘብ በ4ኛው ሠንጠረዥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ዓመት በመጣ ቁጥር የእርጅና ቅናሽ አይቀነስለትም። ዛሬ የሒሳብ ትምህርት የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ የ20 ዓመት ድልድይ እንዴት በተሠራበት ዋጋ ይቀመጣል? የዘመኑ መልስ፣ ያረጀው ሁሉ በገቢው ወጪ እየተተካ መስመሩ ዘወትር እንደ አዲስ ከቆየ እርጅና የለም የሚል ነበር። ለዚህም ማረጋገጫ ሁለት ፊርማ ይጠየቃል። መሐንዲሱ ሐዲዱና ሕንፃው በስድስት ወሩ ውስጥ በመልካም ይዞታ ተጠብቋል ብሎ ይፈርማል፤ የሎኮሞቲቭ ኃላፊው ስለ ሎኮሞቲቭና ስለ ፉርጎው እንዲሁ። ከዚያ የኦዲተሮቹ ፊርማ ይከተላል።

በትልቅ ኩባንያ እነዚህ ፈራሚዎች የየራሳቸው ክብርና መሥሪያ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። በትንሽ ኩባንያ ግን መሐንዲሱ ሥራ አስኪያጅም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚያስፈልገውም፣ ገንዘብ የሚከለክለውም፣ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ የሚፈርመውም አንድ ሰው ይሆናል። የሥርዓቱ ደካማ ጎን ይኸው ነው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የማንም ኩባንያ አይደሉም። 10 ማይል መስመር፣ 48,000 ፓውንድ አክሲዮን፣ 16,000 ፓውንድ በ4 በመቶ የተወሰደ ብድር አለ እንበል። ገቢው በሳምንት በማይል 5 ፓውንድ ከሆነ በ26 ሳምንት 1,300 ፓውንድ ይሆናል። ከመቶ 60ው ለሥራ ማስኬጃ ቢሄድ 780 ወጥቶ 520 ይቀራል። የግማሽ ዓመት ወለዱ 320 ነው። ለባለአክሲዮኑ የሚተርፈው 200 ፓውንድ ብቻ ነው፤ በ100 ፓውንድ አክሲዮን ላይ 8 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ማለት ነው (ያኔ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ ነበር)።

ወጪው ከመቶ ወደ 70 ቢወጣ ትርፉ 70 ፓውንድ ይሆናል። 80 ቢደርስ 260 ይቀርና ለወለዱ 60 ይጎድላል። ባቡሩ እየሄደ፣ መንገደኛው እየተሳፈረ፣ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቃተው ማለት ነው። በመላው እንግሊዝ የሥራ ወጪ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከገቢው ግማሽ ገደማ የነበረው በ1900 ከመቶ 60ን አልፎ ነበር። ከሰል ሲወደድ፣ ደመወዝ ሲጨምር ትልቁ ኩባንያ ይቆነጠጣል፣ ትንሹ ይሰበራል። ዋጋ ጨምሮ እንዳያመልጥ ደግሞ ከ1893 ጀምሮ የጭነት ታሪፍ ጣሪያው በአዲስ ሕግ ተወስኗል፤ ከጣሪያው ሳያልፍም ቢሆን ከ1892 መጨረሻ ዋጋው በላይ የጨመረ፣ ጭማሪው ተገቢ መሆኑን እንዲያስረዳ በ1894 ታዘዘ።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ከየት ይቆጥባል? ከሐዲዱ ሥር ከሚጋደሙት እንጨቶች። በማይል 2,000 ያህል እንጨት ይጋደማል፤ በ10 ማይል 20,000። እያንዳንዱ 12 ዓመት ተኩል ቢቆይ በዓመት 1,600፣ በስድስት ወር 800 መቀየር አለበት። አንዱን በ4 ሽልንግ ብንይዘው 160 ፓውንድ ነው። ኃላፊው 200 ብቻ ቀይሮ 600ውን ቢያሳድር 120 ፓውንድ ያተርፋል። ከላይ ያየነው የትርፍ ድርሻ 200 ፓውንድ እንደነበር ያስታውሱ። ከግማሽ የሚበልጠው ትርፍ እየበሰበሰ ካለ እንጨት ላይ የመጣ ነው ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ሐዲዱ መስፋት ይጀምራል፤ ፍጥነት ይቀነሳል፤ በስድስተኛው ሁሉም በአንዴ ይጠየቃል፤ ያኔ ገንዘብ የለም። አንባቢው ይህን የሚይዘው የአንድ ስድስት ወር ሒሳብ በማየት አይደለም። የሰንጠረዥ 12 «ሀ»ን የአሥር ዓመት ቁጥር ደርድሮ በመስመሩ ማይል ያካፍል፤ የባቡሩ ማይል እያደገ የሐዲድ ጥገናው ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ትርፉ አይታመንም።

ሌላው መንገድ የጥገናን ወጪ ወደ ካፒታል ማሻገር ነው። በዚያ ዘመን የብረት ሐዲድ በአረብ ብረት ይቀየር ስለነበር ሰበቡ ምቹ ነበር። ትክክለኛው አሠራር የአሮጌውን ዓይነት ሐዲድ መልሶ ለመተካት የሚያስፈልገውን ያህል ከገቢ ማውጣት፣ የተሻለ በመሆኑ የጨመረውን ብቻ ከካፒታል መውሰድ ነው። ሁሉንም ካፒታል ያለ ኩባንያ የስድስት ወሩን ትርፍ አሳምሮ የዘላለም ወለድ ይሸከማል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ መስመሩ በ14ኛው ሠንጠረዥ አንድ ማይል ሳይረዝም፣ 6ኛው ላይ አንድ ፉርጎ ሳይጨመር፣ 5ኛው ሠንጠረዥ በየስድስት ወሩ ወጪ ካሳየ መጠየቅ ይገባል።

በ15ኛው ሠንጠረዥ ያለው የባቡር ማይል ለብዙ ነገር መፈተሻ ይሆናል። በምሳሌያችን በቀን አራት ጊዜ ሄዶ አራት ጊዜ የሚመለስ ባቡር በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ በ26 ሳምንት 12,480 ማይል ይሄዳል። 780 ፓውንድን በዚህ ብናካፍል በማይል 15 ፔኒ ወጪ፣ 1,300ውን ብናካፍል 25 ፔኒ ገቢ ይወጣል። ትንሽ ሎኮሞቲቭ በማይል 28 የክብደት ፓውንድ፣ ማለት 12.7 ኪሎ ያህል ከሰል ይበላል ብንል ድምሩ 156 የእንግሊዝ ቶን ነው። መዝገቡ 165 ካለ ጠዋት ማሞቂያና ፉርጎ ማገጣጠሚያ ነው ይባላል። 200 ካለ ግን ወይ ቦይለሩ ቆሽሿል፣ ወይ ከሰሉ ውዳቂ ነው፣ ወይ ከክምሩ ላይ የሚያነሳ እጅ አለ። የሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮው ሳይወጣ የቦይለርን ሕመም የሚያውቅበት መንገድ ይህ ነው።

የገቢው ጎን የሚጀምረው ከቲኬት መስኮት ነው። ቶማስ ኤድመንሰን የፈጠረው ጠንካራ የካርቶን ቲኬት ተከታታይ ቁጥር ታትሞበት ይመጣል፤ ለአጠቃቀሙ ኩባንያዎች በዓመት በማይል 10 ሽልንግ ይከፍሉት ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ለእያንዳንዱ መድረሻና ማዕረግ ጠዋት ላይ ያለውን ቁጥርና ማታ የደረሰበትን ይመዘግባል። ልዩነቱ በዋጋው ተባዝቶ በካዝና መገኘት አለበት። የጠፋ ቲኬት እንደተሸጠ ይቆጠርና ሻጩ ይከፍላል። ለሕፃን በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ የቲኬቱ ጥግ ተቆርጦ ቁራጩ ከወሩ ሒሳብ ጋር ወደ ዋናው ቢሮ ይላካል፤ ቁራጭ ከሌለ ሙሉ ዋጋ ይጠየቃል። ስሕተት የሚገባው ብዙ ጊዜ አንዱ እሽግ ሳያልቅ ሌላው ሲከፈት ነው፤ ያኔ የማታው ቁጥር ስንት እንደተሸጠ አይናገርም።

ጭነቱ የበለጠ ይወሳሰባል፤ ከዋናው መስመር የመጣ ዕቃ አንድ ክፍያ ተከፍሎበት በሁለት ኩባንያ ሐዲድ ላይ ያልፋልና። በ1842 የተቋቋመው የባቡር ሒሳብ ማጣሪያ ቤት ክፍያውን የሚያካፍልበት ስልት ነበረው። መጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ ለማውረጃና ለመጫኛ የሚከፈለው ይነሳል፤ የቀረው በማይል ይከፈላል። 10 ሽልንግ የተከፈለበት ቶን ከሁለቱ ጣቢያዎች ለእያንዳንዱ 1 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ቢነሳለት 7 ሽልንግ ይቀራል። ትልቁ 90 ማይል፣ ትንሹ 10 ማይል ከሄዱ ትንሹ ከዚያ የሚያገኘው 8 ፔኒ ተኩል እንኳ አይሞላም። ኑሮው በጣቢያ ክፍያው ላይ ነው። ሐዲዱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በሰው ጉልበት መገልበጥ አለበት፤ የዚያ ደመወዝ ትንሹን 8 ፔኒ ሊበላት ይችላል። ጠባብ ሐዲድ ሲሠራ ርካሽ ነው ተብሎ ይመሰገናል፤ ምስጋናው 4ኛው ሠንጠረዥ ላይ ይታያል፣ ቅጣቱ በ12 «መ» ላይ በየዓመቱ ይመጣል።

በምሥራቅ እንግሊዝ ከሄልስዎርዝ እስከ ሳውዝወልድ በመስከረም 1879 የተከፈተው የ3 ጫማ ስፋት መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ርዝመቱ 9 ማይል አይሞላም። ከሻርፕ ስቱዋርት ፋብሪካ በመጡ ሦስት ሎኮሞቲቮች ጀመረ። ክፍያው ስለከበደው በ1883 አንዱ ወደ ሠሪው ተመለሰ፤ ምትኩ የመጣው በ1893 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በሁለት ሎኮሞቲቭ ሠራ፤ አንዱ ቦይለሩ ሲታጠብ ሌላው መበላሸት የለበትም። ይህን 6ኛውን ሠንጠረዥ ያየ ሰው በአንድ ቁጥር ያውቀዋል፤ የትርፍ ድርሻውን ብቻ ያየ አያውቀውም።

በዌልስ ያለው የታሊሊን ባቡር ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። በ1865 በሕግ የተፈቀደው ለአንድ የድንጋይ ካባ ነው፤ የካባውና የባቡሩ ባለቤት አንድ ነበር፤ የማንቸስተር ጥጥ ነጋዴዎቹ የማኮኔል ቤተሰብ። እንዲህ ባለ ኩባንያ የጭነት ታሪፉ የገበያ ዋጋ አይደለም። ታሪፉን ከፍ ቢያደርጉ ባቡሩ ያተርፋል፣ ካባው ይከስራል፤ ዝቅ ቢያደርጉ ተቃራኒው፤ ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ስለዚህ 9ኛው ሠንጠረዥ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ቶኑንና የካባውን ሽያጭ አብሮ ማየት ያሻል።

ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች ደግሞ ሎኮሞቲቭም አልነበራቸውም። ሐዲዱን ሠርተው ለትልቁ ጎረቤት ከጠቅላላ ገቢው በመቶኛ እንዲያሠራላቸው ይሰጡ ነበር። እዚህ ላይ ወጪው በውል ስለታሰረ ሒሳቡ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ትልቁ ጎረቤት ትራፊኩን በራሱ ሌላ መስመር ቢያዞረው የትንሹ ገቢ ይወርዳል፤ ለዚህ የሚሆን ሠንጠረዥ በቅጹ የለም።

ክፍያ ሲቆምስ? በ1867 የወጣው ሕግ መስመሩ ከተከፈተ በኋላ አበዳሪ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ እንዳይወርስ ከለከለ። አበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ ገቢውን የሚረከብ ሰው ያስሾማል፤ መጀመሪያ የሥራ ወጪው፣ ቀጥሎ የአበዳሪው ድርሻ ይከፈላል። ባቡሩ መሄዱን አያቆምም። ለዚህ ነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሳንቲም የትርፍ ድርሻ ሳይከፍሉ የሚሠሩ መስመሮች ሊኖሩ የቻሉት፤ ኪሳራው የባለአክሲዮኑ እንጂ የመንገደኛው አልነበረም።

በዚያው ዘመን የእኛው ባቡር ተጀመረ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ አጋሩ ሙሴ ሸፍኔ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ በ1896 በ18 ሚሊዮን ፍራንክ ካፒታል ተቋቋመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፤ በታኅሣሥ 1902 መጨረሻ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ከሥሯ አለፈ። በ4ኛው ሠንጠረዥ ዓይን ብናየው ነገሩ ግልጽ ነው፦ የካፒታሉ ገንዘብ ያለቀው ገቢ የሚያመጣው ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ሳይደረስ ነው። ግማሽ መስመር የግማሽ መስመር ገቢ አያመጣም፤ ዕቃው ከድሬዳዋ ወዲያ በግመልና በበቅሎ መሄዱ ካልቀረ ብዙው ነጋዴ ከመነሻውም በግመል ይጭነዋል።

ከእንግሊዝ የመጣ ካፒታል ሲገባበት ፈረንሳይ ደንግጣ በየካቲት 1902 ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለመስጠት ተዋዋለች፤ ከገንዘቡ ጋር የራሷን ቁጥጥር አስገባች። ምኒልክ በምድራቸው ላይ ያለ ባቡር የሌላ መንግሥት ጉዳይ መሆኑ አስቆጣቸው፤ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ኩባንያው በ1907 ፈረሰ፤ በ1908 አዲስ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

የዚያ የ500,000 ፍራንክ ቦታ የት ነው? በድሬዳዋው መስመር ሲካፈል በኪሎ ሜትር በዓመት 1,600 ፍራንክ ገደማ ነው። 9ኛው ላይ እንደ ሥራ ገቢ ቢጻፍ ባቡሩ ራሱን የቻለ ይመስላል። ትክክለኛ ቦታው 10ኛው ነው፤ ከወለዱ ትይዩ፣ ከሥራው ውጭ የመጣ እርዳታ ሆኖ። የ2018ቱም የብድር ማራዘሚያ እንዲሁ ነው። የዓመቱን ክፍያ ስለሚያቀልል 10ኛውን ያቃናል፤ ወለዱን ለተጨማሪ ዓመታት ያስከፍላል፤ 13ኛው ላይ ያለውን የዕዳ ቁጥር በአንድ ዶላር አይቀንሰውም፤ 9ኛውን፣ ማለት ባቡሩ ዛሬ ስንት ቶን ስንት ኪሎ ሜትር እንደወሰደና በስንት ወጪ እንደወሰደ፣ ጨርሶ አይነካውም።